ከሶኬቱ የሚጀምር ምርጫ፦ ለተንቀሳቃሽ ጥገና የሚሆን የብየዳ ማሽን በናይሮቢ

ናይሮቢ ውስጥ በያጅ ደንበኛውን ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ዘመን እያለፈ ነው። ኡሞጃ ሠፈር የአንድ ግቢ በር ከማጠፊያው ይገነጠላል፤ ኢስሊ የሱቅ መዝጊያ ይጣመማል፤ ካንጌሚ መንገድ ዳር የቆመ ማታቱ፣ የከተማዋ ሚኒባስ ታክሲ፣ የወንበር እግር ይሰበርበታል። ስልክ ይደወላል። ፉንዲው፣ ኬንያውያን የእጅ ባለሙያን እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ ማሽኑን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ግራይንደርና ኤሌክትሮድ በቦርሳ ይዞ፣ በቦዳ ቦዳ ሞተር ከች ይላል። የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ማሽን ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኪሎ ስለሚመዝን ብረቱ ወደ ማሽኑ ይመጣ ነበር። አሁን ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ የምትመዝን ኢንቨርተር ጉዞውን ገልብጣዋለች።

የከተማዋ የብረት ሠራተኞች ታሪክ ረጅም ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ሪፖርት «መደበኛ ያልሆነው ዘርፍ» የሚለውን ስያሜ በዓለም ያሰራጨው እንዲህ ያሉ ሠራተኞችን አይቶ ነው። በ1985 ደግሞ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የከተማዋን የብረት ሠራተኞች ሠፈር ካሙኩንጂን ጎብኝተው፣ በጠራራ ፀሐይ ብረት ለሚቀጠቅጡትና ስለዚህም «ጁዋ ካሊ» (ጠራራ ፀሐይ) ለሚባሉት ሠራተኞች ጥላ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ያኔ ጥላው ሠራተኛውን አንድ ቦታ አረጋው፤ ዛሬ ትንሿ ማሽን ከጥላው ሥር መልሳ አውጥታዋለች።

ክብደቷ የቀነሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትራንስፎርመር በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ በሚመላለስ ኮረንቲ ሲሠራ ብዙ ብረትና መዳብ ይፈልጋል። ኢንቨርተር ግን ከግድግዳ የመጣውን ኮረንቲ መጀመሪያ ቀጥተኛ ያደርገዋል፤ ከዚያ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይቆራርጠዋል። በዚያ ፍጥነት የሚሠራ ትራንስፎርመር የቡጢ ያህል ቢሆን ይበቃዋል። የፊንላንዱ ኬምፒ የመጀመሪያዋን ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን፣ ሂላርክ 250ን፣ ያቀረበው በ1977 ነበር። ዛሬ በኪሪኒያጋ መንገድና በዙሪያው ባሉ የዕቃ መደብሮች የቻይና ሥሪቶቹ ተደርድረው ይታያሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር ነው። አራት ኪሎ የምትመዝነው ማሽን ላይ «200» ተጽፏል፤ አጠገቧ ያለችው ላይ «250»፤ ከእሷ የምታንሰው ላይ ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ «300»። ገዢው ትልቁን ቁጥር በትንሹ ዋጋ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። አንድ አጭር ሒሳብ ግን ደስታውን ይቀንሰዋል። ዓለም አቀፉ የብየዳ ማሽን ደረጃ ለእጅ ኤሌክትሮድ የሚያስቀምጠው የቮልት ስሌት፣ ሃያ ላይ የአምፔሩን 0.04 መደመር ነው። 200 አምፔር 28 ቮልት ይፈልጋል ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 5,600 ዋት። ማሽኗ ራሷ በሙቀት የምታባክነው ሲጨመር ከግድግዳ የሚሳበው 6,600 ዋት ገደማ ይደርሳል። በኬንያ 240 ቮልት ይህ 27 አምፔር ነው፤ ያውም ጥሩ ማሽን ከሆነች። የኮረንቲ አሳሳቧን የሚያስተካክል ክፍል የሌላት ርካሽ ማሽን ከሆነች ወደ 39 ይጠጋል።

የናይሮቢ መኖሪያ ቤት ሶኬት ደግሞ እንግሊዞች ትተውት የሄዱት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ መሰኪያው ውስጥ ያለው ፊውዝ 13 አምፔር ነው። እርግጥ ማሽኗ እያረፈች ስለምትሠራ አማካዩ ይወርዳል፤ ቢወርድም ርካሿን ማሽን 13 ውስጥ አያስገባትም። ፊውዙም ወዲያው አይቃጠልም። መሰኪያው እየጋለ ይሄዳል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጥርሱ ዙሪያ ይጠቁራል፤ የቤቱ ባለቤት የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ተንቀሳቃሽ በያጅ ከማሽኗ ሳይሆን ከሶኬቱ ቢነሳ ይሻለዋል። ከ13 አምፔር መሰኪያ ተራ ኢንቨርተር በምቾት የምትሰጠው ወደ 80 አምፔር ነው። የኮረንቲ አሳሳብ ማስተካከያ ያላት ማሽን ግን ያንኑ 80 ለመስጠት ከግድግዳ ዘጠኝ አምፔር ገደማ ብቻ ትስባለች፤ 100 ላይ ስትደርስም 12 አትሞላም። ዋጋዋ ከፍ ይላል፣ በክብደትም ትንሽ ትበልጣለች። ሆኖም በየሰው ቤት እየዞረ ለሚሠራ ሰው ለ«300» ጽሑፍ ከሚከፈለው ገንዘብ ለዚህ ክፍል የሚከፈለው ሺህ ጊዜ ይሻላል።

80 አምፔር ሲባል የሚያንስበት ሰው ይኖራል። አያንስም። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይሠራል፤ የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የቦዳ ቦዳ ዕቃ መጫኛ፣ የማታቱ ወንበር፣ ሁሉም ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ቱቦላሬ ወይም ላሜራ ነው። እንዲያውም እዚያ ላይ የሚያስቸግረው የጉልበት ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው፤ ቀጭኑ ብረት ይበሳል። 3.2 የሚፈልገው ወፍራም ሥራ፣ ለምሳሌ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ ጥሩ ኮረንቲ ወዳለበት ጋራዥ መሄድ አለበት።

ስለ ክፍያም ጠብ አለ። የኬንያ ቤቶች አብዛኞቹ በቅድሚያ ክፍያ ቆጣሪ ስለሚጠቀሙ፣ ብየዳው ሲጀመር የቤቱ ባለቤት ዓይኑን ከቆጣሪው አይነቅልም። በ80 አምፔር፣ ከአንድ ሰዓት ውስጥ እሳቱ የሚነድበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ቢሆን፣ ፍጆታው አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ይህን ቀድሞ መናገር ብዙ ንትርክ ያስቀራል።

የዚያ ኮረንቲ አንዱ ክፍል ከኢትዮጵያ የሚመጣ መሆኑን ኢስሊ የሚኖሩ አበሾች በኩራት ያነሱታል፤ መብታቸው ነው። ከወላይታ ሶዶ ናይሮቢ አቅራቢያ እስካለው ሱስዋ የተዘረጋው ከአንድ ሺህ ኪሎሜትር በላይ የሚረዝም ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ከኅዳር 2022 ጀምሮ በሽያጭ ኃይል እያስተላለፈ ነው፤ የመጀመሪያው ውል 200 ሜጋዋት ነበር። ሆኖም መብራት መሄዱ አልቀረም። በነሐሴ 2023 አገሪቱ በሙሉ ጨለማ ሆና አድራለች፤ በዚያው ዓመት በኅዳርና በታኅሣሥም ተደግሟል። በያጁ ስለ ጀነሬተር ማሰቡ አይቀርም።

ሻጩ የማይናገረው ነገር እዚህ ላይ አለ፤ ከፍታው። የብየዳ ማሽኖች አቅም የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ተብሎ ነው። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,350። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘው ይቀንሳል፣ ማሽኗም ቶሎ ትግላለች። ጀነሬተር ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ትንሽ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል፤ ናይሮቢ ላይ አንድ አምስተኛው ሄደ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሩብ በላይ። ማስተካከያ የሌላት ማሽን ለ80 አምፔር ብቻ ሦስት ኪሎቮልት አምፔር ትጠይቃለች፣ እሳት ስትጭር ደግሞ ከዚያ በላይ። ወረቀቱ ላይ «3» የተጻፈበት ጀነሬተር ስለዚህ ተንተፋትፎ ይጠፋል። «5» የሚለው ናይሮቢ ላይ በእውነቱ አራት ነው፤ ለሥራው የሚበቃውም እሱ ነው።

ከማሽኗ ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ ላይ የሚታየው በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር ከፊት ካለው ትልቁ ቁጥር ይልቅ እውነት ይናገራል። «30 በመቶ» ማለት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከአሥር ደቂቃ ሦስቱን በይዳ፣ ሰባቱን ታርፋለች ማለት ነው። ለጥገና ይህ አያስፈራም፤ አንድ 2.5 ኤሌክትሮድ በደቂቃ ገደማ ያልቃል፣ ከዚያ ቅርፊቱን መምታት፣ መቦረሽ፣ ሌላ መሰካት አለ። ሠንጠረዡ ጭራሽ የሌላትን ማሽን ግን ትቶ መሄድ ነው።

ገመድ ላይ ብዙዎች ይሞኛሉ። ማሽኗ ቀላል ናት፤ ስለዚህ ረጅሙ ገመድ ከሶኬት ወደ ማሽኗ የሚሄደው ይሁን፣ የብየዳው ገመድ አጭር ይሁን። ሠላሳ ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኤክስቴንሽን በ20 አምፔር ዘጠኝ ቮልት ያህል ይበላል፤ በ1.5 ካሬው ግን ወደ 15 ይጠጋል፣ የሠፈሩ ኮረንቲ ማታ ላይ ሲደክም ያችም ትከብዳለች። ኤክስቴንሽኑ ጥቅልል ላይ እንዳለ መሥራት ደግሞ ገመዱን ማቅለጥ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት።

እነዚህን ማሽኖች በብዛት የሚገድላቸው ሥራ ሳይሆን ትቢያ ነው። ማራገቢያው የግራይንደሩን የብረት ብናኝ እየማገ ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ይደፋዋል፤ ብረት ኮረንቲ ያስተላልፋልና አንድ ቀን ጧ ይላል። ግራይንደር የሚያሽከረክረው ሰው ከማሽኗ ራቅ ይበል፤ የእሳት ፍንጣሪውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዙር። ዝናብም አለ። ናይሮቢ ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። የመከላከያ ደረጃቸው 21 የሆነ ማሽኖች ለቤት ውስጥ ናቸው፤ 23 የሆኑት ከቤት ውጭ ሥራን ይችላሉ።

ሽቦ የሚተፋ ማሽን ይሻል ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በጋዝ የሚሠራው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲሊንደሩን በቦዳ ቦዳ መጫን አደጋ ነው፣ ትንሽ ንፋስም ጋዙን ይበትነዋል። ያለ ጋዝ የሚሠራው፣ ሽቦው መሐል ዱቄት ያለበት፣ ለቀጭን ላሜራ ጥሩ ነው፤ ሽቦው ግን ከኤሌክትሮድ ይወደዳል፣ ማሽኗም ትከብዳለች። መጀመሪያ የሚገዛ ሰው በእጅ ኤሌክትሮድ ቢጀምር ይሻላል።

ማታቱ ላይም ሆነ ሌላ መኪና ላይ ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ የመመለሻው መቆንጠጫም የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይቆነጠጣል። አለዚያ ኮረንቲው በኮምፒውተሩ ወይም በጎማው ኩሽኔታ በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ጥገናው ከብየዳው ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ከናይሮቢ ገዝቶ በሞያሌ በኩል ወደ አገር ቤት ለሚያስገባ ሰው የቮልቱ ልዩነት፣ 240 እና 220፣ ለኢንቨርተር ምንም አይደለም፤ የሚቀየረው መሰኪያው ብቻ ነው፣ የአዲስ አበባው ክብ ባለ ሁለት ጥርስ 16 አምፔር ስለሚችል እንዲያውም ፋታ ይሰጣል። መደብር ሲገባ የራሱን ኤሌክትሮድ፣ ቁራጭ ቱቦላሬና ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚለካ የመቆንጠጫ አምፔር ሜትር ይዞ ይሂድ። ማዞሪያው 80 ላይ ሆኖ ሦስት ኤሌክትሮድ በተከታታይ ያቃጥል፤ ሜትሩ 80 አካባቢ ካልቆመ፣ ወይም ሻጩ «መሞከር አይቻልም» ካለ፣ ቀጣዩ መደብር አሥር እርምጃ አይርቅም።