የአውቶሞቢል ጭስ ማውጫ ስለምን ሲጥ ሲጥ ይላል?

አንድ አውቶሞቢል ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሲሄድ ከወለሉ በታች እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ ቢል፥ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ባሌስትራውን ነው። ሆኖም ድምፁ ከጭስ ማውጫው ቧንቧ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህን ለመለየት ቧንቧው እንዴት እንደ ተሰቀለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቧንቧው በአንድ ወገን ከሞተሩ ጋራ ታስሮ፥ ማርሚታውን ይዞ እስከ መኪናው ጀርባ ይደርሳል። ከወለሉ ጋራ ግን በብሎን አይጣበቅም፤ በጎማ ማንጠልጠያ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል እንጂ። ለዚህም ምክንያት አለው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 25 ጊዜ ቤንዚን ይቃጠልበታል፤ ንቅናቄውም ወደ ቧንቧው ይተላለፋል። ደግሞም ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 3 ሜትር የሆነ የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በአማካይ 200 ዲግሪ ሰንቲግራድ ቢጨምር 7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የሚያርፈው በጎማው ላይ ነው።

ጎማ ግን ሲያረጅ ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ከብረቱ ዘንግ ጋራ አብሮ መተጣጠፉን ትቶ ይፋተጋል፤ ይይዛል፥ ይለቃል፥ ደግሞ ይይዛል። መያዝና መልቀቁ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። የማሲንቆም ድምፅ የሚወለደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጭራው ጭራውን ይዞ እየለቀቀ ያስጮኸዋል። (ማርሚታ ግን ቅኝት አያውቅም።)

ምርመራው ቀላል ነው። ቧንቧው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ማርሚታውን በእጅ ይዞ መነቅነቅ፤ ድምፁ ከተሰማ በየጎማው ላይ ተራ በተራ ውሃ ማፍሰስ ነው። በአንዱ ላይ ውሃ ሲፈስ ድምፁ ለጊዜው ቢጠፋ በደለኛው እርሱ ነው። መድኃኒቱም መለወጥ ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት መቀባት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፥ ያበላሸዋልም። ጎማው ደኅና ሆኖ ቧንቧው ወለሉን በሚነካበት ስፍራ ብረቱ ተፍቆ የሚያበራ ከሆነ፥ የመጋጠሚያውን ዳዶ አላልቶ ቧንቧውን ማስተካከልና መልሶ ማጥበቅ ይበቃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ ማለት ግን ብረቱ ሲቀዘቅዝ መኰማተሩ ስለ ሆነ በሽታ አይደለም።

በጣም የሚያሳስበው ማርሚታውን በሽቦ ጠፍሮ ማሰር ነው። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ ሰውንም የሚያታልለው ይኸው ነው። ጎማው ይሸከመው የነበረው እንቅስቃሴ አሁን ወደ ብየዳውና ወደ መጋጠሚያው ይዞራል፤ ብረቱም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከተሳፋሪው በታች ከሆነ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ስለዚህ በሽቦ የታሰረ መኪና የሚገዛ ሰው ሽቦውን አስፈትቶ ጎማ ያስገባ፤ ሠራተኛውም በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አይግባ፥ ጠንካራ መደገፊያ ያድርግበት።