ጭፈራም የሰውነት ማጎልመሻ ነው

ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» የተሰኘ ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቹ አራት ቀስቶች በተሣሉበት መርገጫ ላይ ቆሞ፣ በቴሌቪዥኑ የሚታዩትን ምልክቶች ከዘፈኑ ምት ጋራ እያስማማ በእግሩ ይረግጣል። ዘፈኑ ሲፈጥን ላቡ ይወርዳል፤ እርሱ ግን ነጥቡን እንጂ ድካሙን አይቈጥርም። ይህም በመታየቱ በ2006 የአሜሪካው ዌስት ቨርጂኒያ በትምህርት ቤቶቹ እንዲሠራበት ወሰነ።

መሣሪያው የሚቈጣጠረው እግርን ብቻ ነው። የእኛ እስክስታ ትከሻንና አንገትን ጭምር ያሠራል፤ ሠርግ ቤት ያመሸ ሰው በማግስቱ ትከሻው የሚከብደው በከንቱ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ ከመሥሪያ ቤት ወንበር፣ በደጋን ከሱቅ መደብ ሳይነሣ የሚውል ሰው ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ይጋለጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይኸውም አምስት ቀን 30 ደቂቃ መጨፈር ነው። መሣሪያው ባይገኝ ራዲዮን ይበቃል። ልቡን የሚያመው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።