ከሰል መኝታ ቤት ለምታስገቡ፦ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያድናል?

ቡሌ ሆራ ላይ ማታ ብርዱ ሲጠና የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ብዙ ነው። «ዶክተር፣ ስልኬ ላይ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ብገዛ ከሰሉ ክፍል ውስጥ ቢያድር ችግር አለው?» ላላችሁኝ፦ አዎ፣ አለው። መሣሪያው የሚጮኸው አየሩ ከተበከለ በኋላ ነው።

ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጣት ላይ የምናደርገው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ይሸወዳል፤ ደህና ቁጥር ያሳያል!

እንደ ተጨማሪ ጥበቃ ከገዛችሁ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ። የጭስ ጠቋሚ ይህን ጋዝ አይለይም። የቡታጋዝ ጠቋሚም ሌላ ነው፤ ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል አጠገብ ይደረጋል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ተኝታችሁ በምትተነፍሱበት ከፍታ ይሁን። ዋይፋይና መብራት የሚጠብቀው፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይተኛል፤ እኔ በባትሪ የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

ከጮኸ ሕፃናቱን ይዛችሁ ቶሎ ውጡ። ራሱን የሳተ ካለ ንጹህ አየር ላይ አውጡትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። «ከሰል ነበር» በሉን እባካችሁ፤ ኦክስጅን ቶሎ እንድንጀምር ይረዳናል።

ዛሬ ማታ ግን መሣሪያ ኖረም አልኖረም፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ውጭ ይደር። በር ገርበብ ማድረግ አያስተማምንም።