ባለቤት ያጣ ኮድ፦ ይወገድ ወይስ ይቆይ?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የወሩ የክትባት፣ የወሊድና የወባ ቁጥር ከመዝገብ ተለቅሞ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይላካል። ቁጥሩን የሚሸከመው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የሚመራው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈቃድ ክፍያም የለውም። እንዲህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ ይባላል።

የእኛ ወር ግን ከኦስሎ ወር ይለያል። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 ጀምሮ በተከታዩ ወር 20 ይዘጋል። ስለዚህ ነሐሴ 21 ተከፍቶ መስከረም 20 የሚዘጋው ሪፖርት ጳጉሜን ጨምሮ 35፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን ይይዛል። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ይህን ሪፖርት ያዛባዋል። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንዲያውቅ የተደረገው ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ጆዳ ታይም በተባለ ሌላ ክፍት ኮድ ላይ ተደግፎ ነው።

ይወገድ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የራሱን አዲስ የቀን አቆጣጠር ክፍል ይዞ መጣ። የጆዳ ታይም ፈጣሪ ስቲቨን ኮልቦርን ይህን አዲስ ክፍል ከመሩት አንዱ ናቸው፤ የጆዳ ታይም ሥራ በአብዛኛው እንደተጠናቀቀ ተገልጾም ተጠቃሚዎች ወደ አዲሱ እንዲሻገሩ ተመክሯል። አዲሱ ክፍል ከተለመደው የአውሮፓ አቆጣጠር ሌላ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የእስልምናን ይዟል። የኢትዮጵያ ግን የለበትም። የሚፈልገው ሰው ስሪተን ኤክስትራ ከተባለ ተጨማሪ ጥቅል ማምጣት አለበት። ይህን ሳያውቅ የተሻገረ ባለሙያ ጳጉሜን ጥሏት ይሄዳል።

ለመሆኑ አንድ አገልግሎት መቆየቱ ወይም መወገዱ በምን ይወሰናል? ሊነክስ የተባለውን ክፍት ሥርዓተ ክወና አሠራር እንይ። ከርነል የሚባለው የሊነክስ እምብርት ኮድ እያንዳንዱን ክፍል ማን እንደሚንከባከበው የሚዘረዝር ፋይል አለው። ከክፍሉ ስም ሥር ደረጃው ይጻፋል፦ ተንከባካቢ ያለው፣ አልፎ አልፎ የሚጠገን፣ ወላጅ አልባ፣ ጊዜ ያለፈበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የፍሎፒ ዲስክ ኮድ ወላጅ አልባ ተብሎ ተመዘገበ። ዴኒስ ኤፍሬሞቭ የተባለ ባለሙያ ኃላፊነቱን ስለወሰደ ግን ኮዱ ተረፈ። ኢታኒየም ለተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የተጻፈው ኮድ ይህን ዕድል አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጣው ሊነክስ 6.7 ተወገደ።

ማስወገድ ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ማንም የማያየው ኮድ አደጋ ያረግዛል። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የኢንተርኔት መልእክትን በምስጢር ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጨመረለት ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ አገልግሎት በውስጡ ስሕተት ነበረው፤ ስሕተቱ ሃርትብሊድ በሚል ስም ይፋ የሆነው በ2014 ነው። በእሱ በኩል የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ከሰርቨሮች ሊሰረቅ ይችል ነበር። ያኔ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሌላ ክፍት ሥርዓተ ክወና ገንቢዎች ኮዱን ለብቻቸው ወስደው የማያስፈልገውን በብዛት ቆርጠው ጣሉ። ትክክል አድርገዋል።

ስለዚህ ማስወገድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሳያስጠነቅቁና ሳይጠይቁ ማስወገድ ነው። በወጉ ሲሠራ አስቀድሞ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ምትክ ይቀርባል፣ ለመሻገሪያ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ይወገዳል። ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ኡቡንቱ ከተባለው የሊነክስ ዓይነት የ32 ቢት ጥቅሎችን እንደሚያስወግድ ሲያስታውቅ ተጠቃሚዎች ጮኹ፤ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ የተመረጡትን ለማቆየት ተስማማ። የጮኸ ተሰማ። በየጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚሞላው ባለሙያ ግን በየትኛው ኮድ እንደሚጠቀም እንኳ አያውቅም፤ ድምፁም ገንቢዎቹ ዘንድ አይደርስም። ተጠቃሚ የለውም ተብሎ የሚወገደው እንዲህ ያለው ነው።

ኦፕን ሶርስ ወንፈል ነው፤ የሠራልህ ሰው ተራው ሲደርስ ሄደህ ካልሠራህለት ለከርሞ አይመጣም። እኛ እስካሁን በአብዛኛው ተቀባይ ነን። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ወጣቶች የመመረቂያ ሥራቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኮድ ላይ ቢያደርጉ፣ ስሕተት ቢፈትሹ፣ ስማቸውን በተንከባካቢነት ቢያስመዘግቡ ትልቅ ውለታ ነው። ፈተናውም ቅርብ ነው፦ በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ሶፍትዌሮቻችን ስድስተኛዋን ቀን ማወቃቸውን ከዚያ በፊት ማረጋገጥ የእኛው ሥራ ነው።