«ተው!» ከማለት በፊት

ጠጪን ሰው ቤተሰቡ የሚመክረው ብዙውን ጊዜ በአንዲት ቃል ነው፤ «ተው!» ይለዋል። አልፎ አልፎ ለሚጎነጭ ምክሩ ይበቃ ይሆናል። ለዓመታት ከማለዳ እስከ ማታ አረቄ ሲጠጣ ለኖረ ግን በአንድ ጀምበር መተው ራሱ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መቱም፣ ጎሬም፣ በደሌም ላይ ይህ እንደ ወባ ምልክት ሊታወቅ ይገባዋል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ድንዛዜውን ለመቋቋም ከልክ በላይ ነቅቶ መሥራት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ድንዛዜው ይጠፋል፣ ንቃቱ ግን አለልክ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ እንቢ ይላል። በ2 ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህን ያየ ዘመድ «ሰይጣን ያዘው» ቢል አይፈረድበትም፤ ሁኔታው ግን ድንገተኛ ሕክምና የሚሻ ነው። ሐኪሞች እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየቀነሱ ይሰጣሉ። ብዙ ጠጪዎች የሚያንሳቸውን ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምራሉ፤ ጉድለቱ አንጎልን እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላልና።

«የእኛ ጠጅ የማር ነው፣ ፋብሪካ አልነካውም» የሚል ክርክር ማር በማይጠፋበት በኢሉባቡር ቢበረታ አይገርምም። ጉበት ግን የማሩን ከቢራው አይለይም፤ የሚያጣራው ያንኑ አልኮል ነው። እንዲያውም የቤት መጠጥ ጥንካሬው አይጻፍበትም። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 40 በመቶ የደረሰ አረቄ ግን በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብቻ 16 ግራም ያህል ይሆናል። «ሁለት መለኪያ ብቻ» የሚለው ሰው ሳያውቀው ከሁለት ቢራ በላይ ጠጥቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። በ2023 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና አያሰጋም የሚባል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። እየጠጡ 90 የደፈኑ አያቶችን የሚጠቅስ አይጠፋም። እነሱ ስለቆዩ እናያቸዋለን፤ በ45 ዓመታቸው ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ያለፉት ግን ለምስክርነት አይመጡም።

ጠበል፣ ጸሎት ወይም ዱዓ ይበቃል ለሚሉ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነትን መተው አይደለም። መጠጥ ቤቱን የሚተካ ማኅበርና የሚጠይቅ ወዳጅ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ላሉት ረጅም ወራት እጅግ ይጠቅማሉ፤ እዚህ ላይ የእምነት ቤቶች ከማንም ይቀድማሉ። ያቺን የመጀመሪያ ሳምንት ግን ለሕክምና ይተዉላት። አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት መውቀስም መፍትሔ አይሆንም፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ቢከለክልም፣ እሷ ሌላ ገቢ እስካላገኘች ድረስ ሕጉ ጓዳዋ አይደርስም።

ትልቁ እንቅፋት እፍረት ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ መታየት ብዙዎችን ያስፈራል። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፣ ጉዳዩ ከከበደም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል መላክ አለ። ባለሙያው ፊት ሦስት ነገር ሳይደብቁ መናገር ነው፦ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ ያውቅ እንደሆነ።