ተረትና እውነታ፦ የመጀመሪያ ማራቶን በሶምሶማ

ለመጀመሪያ ማራቶናቸው በሚዘጋጁ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ትንፋሽ ካልቆረጠና እግር ካላዛለ ልምምድ አይባልም የሚል። ከሥራ መልስ የስፖርት ጫማውን አጥልቆ የወጣ ጀማሪ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰው ሲያልፈው እልህ ይይዘውና ይፈጥናል፤ አምስተኛው ላይ ጎኑን ይዞ ይቆማል። በማግስቱ ባቱ ታስሮ ደረጃ መውረድ ሲያቅተው ሕመሙን የእድገት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህ መንገድ ከውድድሩ መነሻ ሳይደርሱ የሚቀሩት ሰዎች ነገር ያሳዝናል፤ የጎደላቸው ጽናት ሳይሆን ትክክለኛ መረጃ ነውና። የማራቶን አቅም በአብዛኛው የሚገነባው ከጓደኛ ጋር እየተጨዋወቱ ሊሮጡት በሚችሉት ቀላል ሶምሶማ ነው።

ማስረጃውን ከራሳችን ሯጮች መጀመር ይቻላል። ትዕግስት አሰፋ በ2023 የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስታሸንፍ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሮጣለች። ይህን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ልምምድም ሁልጊዜ እንዲሁ ይመስለዋል። ማለዳ እንጦጦ ጫካ የወጣ ግን ሌላ ነገር ያያል፦ ሯጮች በመስመር፣ የኋላው የፊተኛውን ዱካ እየረገጠ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ለስላሳ አፈር ላይ በእርጋታ ሲሮጡ። ተመራማሪው ስቴፈን ሳይለር የታላላቅ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ያገኘውም ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ከአሥር ልምምዶቻቸው ስምንት ያህሉ ቀላል ናቸው።

ምክንያቱ ሰውነታችን ኃይል የሚያገኝበት መንገድ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 42.195 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ወደ 3,000 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ጡንቻና ጉበት በግላይኮጅን መልክ የሚያከማቹት ስኳር ግን 2,000 ገደማ ቢሆን ነው። የቀረው ከስብና በመንገድ ላይ ከሚወሰድ ምግብ መምጣት አለበት። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሰውነት ስኳሩን ይበልጥ ያቃጥላል፤ ረጋ ሲል ወደ ስቡ ያደላል። ብዙ ጀማሪ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግሩ አልታዘዝ የሚለው ስኳሩ ስለሚያልቅበት ነው። ረጅም ሶምሶማ የጡንቻን ቀጫጭን የደም ሥሮችና ኃይል አመንጪ የሕዋስ ክፍሎቹን፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ያበዛል፤ ስብ የማቃጠል አቅምም አብሮ ያድጋል። የማግስቱ የባት ሕመም፣ እንደሚባለው፣ የተጠራቀመ ላክቲክ አሲድ አይደለም፤ እሱ ሩጫው ካበቃ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ሕመሙ የሚመጣው ከጡንቻ ጥቃቅን ጉዳት ስለሆነ የእድገት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። "ባለሙያዎቹ በሳምንት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ስለሚሮጡ ቀላሉን ማብዛት ግዴታቸው ነው፤ እኔ ሦስት ቀን ብቻ ስለምወጣ እያንዳንዷን ላጥብቃት" ይላል ጀማሪው። ክርክሩ ውሃ የሚያነሳ ይመስላል፤ ነገር ግን የጀማሪን አቅም የሚወስኑት ልብና ሳንባ ብቻ አይደሉም። እነሱ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በሁለተኛው ወር ትንፋሹ የተስተካከለለት ሰው "አሁንማ እችላለሁ" ብሎ ሲያጠብቅ የቅልጥሙ አጥንት ገና አልተዘጋጀም፤ የቅልጥም ሕመምና የአጥንት ስንጥቅ የሚከተሉት በዚህ ጊዜ ነው። ሒሳቡንም እንየው፦ በ5 ሰዓት የሚጨርስ ሰው ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ ገደማ ይሮጣል። ለእሱ ውድድሩ ራሱ ሶምሶማ ነው። ፈጣን ልምምድ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ መሠረቱ ከተጣለ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ቢገባ መልካም ነው። ሙሉውን ርቀት በልምምድ መሮጥም አያስፈልግም፤ ረጅሙን ሩጫ ቀስ በቀስ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አድርሶ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት መቀነስ የተለመደው የአሰልጣኞች ምክር ነው።

"ይህ ሁሉ ሩጫ ጉልበት አይጨርስም ወይ?" የሚለው ስጋትም መልስ ይገባዋል። በ2017 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ቅኝት የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ አርትራይተስን ለጤናቸው ከሚሮጡ ሰዎች 3.5 በመቶ፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶ፣ በውድድር ደረጃ ከሚሮጡት ደግሞ 13.3 በመቶ ላይ አግኝቷል። ጉልበቱን የታመመ ሰው ሩጫ ሊያቆም ስለሚችል ቁጥሩ ሩጫ መድኃኒት ነው አያሰኝም፤ በመጠኑ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን ይጨርሳል የሚለውን ግን አይደግፍም።

ታዲያ ቀላል ማለት ምን ያህል ነው? ከሰዓት ይልቅ ትንፋሽን መጠየቅ ይሻላል፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ለባሕር ጠለል ከተማ በደቂቃ የተሰላ የልምምድ ፕሮግራም እዚህ ያለውን ጀማሪ ያለ አቅሙ ያሮጠዋል። በዱባይ ሙቀት የሚለማመደውም እንዲሁ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት።

ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ከሌላው ይበልጥ ሊጠነቀቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ውሃ ማብዛት። በ2002 የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩ 488 ሯጮች 13 በመቶው በደማቸው ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ይህ ይበልጥ የታየው አብዝተው በጠጡና ከ4 ሰዓት በላይ በሮጡ ሰዎች ላይ ነበር። በየጣቢያው ግዴታ ነው ብሎ ከመጠጣት ሲጠማ መጠጣት፣ በውድድሩ ቀን ሊወስዱት ያሰቡትን ሙዝም ሆነ በሶ ቀደም ብሎ በረጅሙ ሶምሶማ ላይ ሞክሮ ሆድ እንደሚቀበለው ማረጋገጥ ይገባል።