በቅሎ በአደራ ሰጥተን «የጋማ ከብት» እንዳንቀበል

እንደሚታወቀው፣ ጃቫን በመሳሰሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ነገር ዓይነት ይመረምራል። የሚያምነው ግን የተጻፈውን ቃል ብቻ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የአምባሰል ሰው ሐይቅ ገበያ ወርዶ በቅሎውን ለጠባቂ በአደራ ሰጠ እንበል። ጠባቂውም «የጋማ ከብት ተቀብያለሁ፤ የጋማ ከብት እመልሳለሁ» ብሎ ደረሰኝ ጻፈለት። ማታ ያቺው በቅሎ ብትመለስም ወረቀቱ በቅሎነቷን አይመሰክርም። ኮምፓይለሩም እንዲሁ ነው፤ «የጋማ ከብት» እመልሳለሁ ካለ ፋንክሽን የመጣውን ነገር በበቅሎነቱ አያስተናግደውም።

ታዲያ ለበቅሎ፣ ለፈረስና ለአህያ ሦስት ፋንክሽን እንጻፍ? የለም! ለዓይነቱ ባዶ ቦታ እንተዋለን፤ «ቲ» እንበለው። ደረሰኙ «ማንኛውንም ቲ እቀበላለሁ፤ ያንኑ ቲ እመልሳለሁ፤ ቲ ግን ከጋማ ከብት ወገን ይሁን» ይላል። ጄኔሪክ ፋንክሽን ማለት ይኸው ነው። ሐሳቡን ሮቢን ሚልነር የተባሉ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 በጽሑፍ አብራርተውታል፤ ጃቫ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ቲን የሚመርጠው ፋንክሽኑን የሚጠራው ክፍል እንጂ ፋንክሽኑ ራሱ አይደለም። «ቲ እመልሳለሁ» ብለን ከውስጥ አዲስ በቅሎ ፈጥረን ብንሰጥ ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል። «በቅሎስ የጋማ ከብት አይደለችም ወይ?» ብንል፣ ናት፤ ነገር ግን ጠሪው ፈረስ መርጦ ቢሆንስ?

አንዳንዱ ታዲያ ዓይነቱን በግድ ቀይሮ ያልፈዋል። ጃቫ ያስጠነቅቃል እንጂ አይከለክልም። ፕሮግራሙ ግን ሥራ ላይ ሳለ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ጥፋቱ በተሠራበት ፋንክሽን ውስጥ ሳይሆን ፈረስ በጠበቀው በጠሪው መስመር ላይ ነው። ጥፋተኛው ሌላ፣ ተከሳሹ ሌላ!

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፋንክሽኑ ሁልጊዜ በቅሎ የሚመልስ ከሆነ ቲን ትተን በግልጽ «በቅሎ» ብለን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር መፈጠር ካለበት ፈጣሪውን ፋንክሽን ጠሪው ራሱ አብሮ ይስጥ።

እጩ መምህራን ሆይ፣ የተማሪ ፕሮግራም ስታርሙ «ይህ ቲ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲገባ ያልታየ፣ ሲወጣ ብቻ የሚታይ ቲ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ፤ ያልተቀበሉትን አደራ እመልሳለሁ ማለት ነውና።